የነፋስ ኃይል ማመንጫ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ፣ ከተማዋ ልትደርሱ ጥቂት ሲቀራችሁ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ባለ ሦስት ክንፍ ምሰሶዎች ይታያሉ። ማራገቢያ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ማራገቢያ መብራት በልቶ ነፋስ ያወጣል፤ እነዚህ ነፋስ በልተው መብራት ያወጣሉ።

ምሰሶው ከነአናቱና ከነክንፉ ተርባይን ይባላል። ብዙ ተርባይኖች አንድ አካባቢ ተተክለው ኤሌክትሪካቸውን በአንድ መስመር ሲልኩ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት። አንዱ እስከ 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ድምሩ 51 ሜጋ ዋት። መካከለኛ ቢባል ነው። ጎረቤቱ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው።

ብዙ ሰው ነፋሱ ክንፉን እየገፋ የሚያዞረው ይመስለዋል። እንደዚያ ብቻ አይደለም። ክንፉ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ያለ ነው። አየሩ በሁለቱ ገጾች በእኩል ፍጥነት ስለማያልፍ የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። ክንፉን ወደ ጎን የሚስበው ያ ነው። ዙሩ ዘገምተኛ ነው፤ በደቂቃ 20 እንኳ አይሞላም። አትሸወዱ! ክንፉ ረጅም ስለሆነ ጫፉ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል።

ሽክርክሪቱ አናቱ ላይ ወዳለው ጄኔሬተር ይገባል። እዚያ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከዚያ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል፣ መስመሩ ይዞት ይሄዳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የፍጥነቱ ነገር ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የያዘው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሲቀንስም እንደዚያው ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ከኃይሉ አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ 51 ሜጋ ዋት ጣሪያው እንጂ የዕለት እንጀራው አይደለም። የብስ ላይ የተተከሉ ማመንጫዎች የዓመት አማካያቸው ብዙውን ጊዜ ከጣሪያቸው ሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ነው። ነፋሱ ከልክ በላይ ሲበረታ ደግሞ፣ በሴኮንድ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ ተርባይኑ እንዳይጎዳ ክንፉን አዙሮ ይቆማል።

ነፋስ ሲጠፋስ? ሌላ ምንጭ ይሸፍናል፤ እኛ ጋ ውሃ። ደግነቱ ሁለቱ ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። ክረምት ግድቡን ይሞላል። በጋ ውሃው ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል። ይህን ገበሬው ከመሐንዲሱ በፊት ያውቀዋል፤ ጤፉን ወቅቶ፣ መንሹን ይዞ አውድማ ላይ ነፋስ የሚጠብቀው በበጋ ነው። ያው ነፋስ ዛሬ ኮረብታው ላይ ተርባይን ሲያዞር፣ ግድብ ውስጥ ያለው ውሃ ለሚያዝያና ለግንቦት ይቆጠባል።