ቤቱ ሲቀዘቅዝ፦ ስለ ቦይለር የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ ሰሜን ለንደን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ጠሩኝ። በሩን የከፈቱልኝ ጋቢ በጋቢ ደርበው ነው። ሳሎኑ ውስጥ እስትንፋሴ እንደ ጭስ ይታየኛል። ኩሽና ስገባ የኦቨኑ በር ተከፍቶ ይነዳል።

«እማማ፣ ስንት ቀን ሆነው?»

«ሦስተኛ ቀኔ ነው ልጄ። አንድ ሰው መጥቶ አየውና ቦይለሩ ሞቷል፣ አዲስ ያስፈልጋል አለኝ። ይህን ሁሉ ብር ከየት አባቴ አመጣለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ቦይለሩ፣ ያ ውሃ አሙቆ ቤቱን የሚያሞቀው ሳጥን፣ አልሞተም። ከሥሩ ያለችው፣ የውሃውን ግፊት የምትለካው ክብ ጌጅ ዜሮ ላይ ተኝታለች። ውሃ አንሶት ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለውም። ኦቨኑን አጠፋሁ፣ ውሃ ሞላሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቦይለሩ ተነሳ።

አገር ቤት ቦይለር የሚባል ነገር አናውቅም። ሲበርድ ጋቢ ነው፣ ፀሐይ መሞቅ ነው፣ ከሰል ነው። ስለዚህ ሳጥን የምናውቀውን ሁሉ የሰማነው እዚህ ከመጣን በኋላ፣ ከጎረቤትና ከቡና ላይ ጨዋታ ነው። በሥራዬ የማየው ብዙ ችግር ከዚያ ወሬ የሚመጣ ነው። ሰው በማያስፈልግ ወጪ ሲጎዳ፣ ይባስ ብሎም ሕይወቱን አደጋ ላይ ሲጥል ማየት ያመኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልጻፍ።

«ሙቀት ከሌለ ቦይለሩ ተበላሽቷል ማለት ነው»

መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ። መሣሪያ አያስፈልግም።

አንደኛው ጌጁ ነው። ብዙ ፍላት ውስጥ ያለው ኮምቢ የሚባለው ዓይነት ነው። ራዲያተሩንም (ክፍሉን የሚያሞቀውን ግድግዳ ላይ ያለ ብረት) የቧንቧውንም ውሃ የሚያሞቀው ይኸው አንዱ ሳጥን ነው። በራዲያተሮቹ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ሁልጊዜ ያው ውሃ ነው፤ ሄዶ ሞቆ ይመለሳል። ቤቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጌጁ ከ1 እስከ 1.5 ባር ማሳየት አለበት። ከዚያ በጣም ከወረደ ቦይለሩ ራሱን ለመጠበቅ ይቆማል።

ውሃ መሙላት የተከለከለ ሥራ አይደለም። ቦይለሩን አጥፉት። ከሥሩ ብርማ ሽቦ የተጠለፈበት ቱቦ ፈልጉ፤ በሁለቱ ጫፍ ትንንሽ መዝጊያ አለው። ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ውሃው ሽሽ እያለ ሲገባ ይሰማችኋል። ዓይናችሁ ከጌጁ አይነቀል። 1.2 አካባቢ ሲደርስ ሁለቱንም ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ከረሳችሁት ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ውሃው በማምለጫው ቧንቧ ወደ ውጪ ይፈሳል። አንዳንዱ ሞዴል ቱቦ ሳይሆን ቁልፍ ነው ያለው፤ መመሪያውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። ክፈቱትና ጠብቁ። ውሃው በደንብ እየሞቀ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ እሳቱ ይሠራል ማለት ነው። ችግሩ ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱ፣ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦ የሌለው ከሆነ ባትሪው አልቆበት እንደሆነ እዩ። ወይም ሙቁን ውሃ አንዴ ወደ ራዲያተር አንዴ ወደ ቧንቧ የሚያዞረው ቫልቭ ተቀርቅሯል። ይሄኛው የሠራተኛ ሥራ ነው። ራዲያተሩ ሞቆ የቧንቧው ውሃ ለብ ብቻ ካለ ደግሞ ኬትላችሁን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። የለንደን ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ቦይለሩ ውስጥ ያሉትንም ጠባብ መተላለፊያዎች እንደዚያው ይደፍናል።

ሦስተኛው የጋዝ ቆጣሪው ነው። በቅድሚያ የሚከፈልበት ከሆነ ሒሳቡ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሰው ያፍርበታል እንጂ በዚህ ብቻ የተጠራሁበት ቤት ጥቂት አይደለም። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ሪሴቱን ደጋግሜ ብጫነው ይነሳል»

ሪሴት ቦይለሩን እንደገና የሚያስነሳው ቁልፍ ነው። አንዴ ይጫኑት። ግፋ ቢል ሁለቴ። ከዚያ በኋላ ቦይለሩ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» እያላችሁ ነው። መስኮቱ ላይ የሚያወጣውን ኮድ ጻፉት ወይም በስልክ አንሱት። ቫይላንት በሚባለው የቦይለር ዓይነት ላይ ኤፍ 22 ካያችሁ ውሃ አንሶታል። ኤፍ 28 ከሆነ እሳቱ አልተቀጣጠለም፤ አንዳንዴ ምክንያቱ ያው የቆጣሪው ሒሳብ ነው። ወርስተር በሚባለው ላይ ኢኤ የሚለው እሳት አልታየኝም ማለት ነው። ኮዱን ስልክ ላይ ብትነግሩኝ ግማሹን ሥራ ሠራችሁልኝ።

«ቴርሞስታቱን 30 ላይ ባደርገው ቶሎ ይሞቃል»

ይህን የምናስበው ከምጣድ ልምዳችን ይመስለኛል። ምጣድ ሥር እንጨት ስንጨምር ቶሎ ይግላል። ቴርሞስታት ግን ማገዶ አይደለም። ሥራው «እዚህ ስትደርስ አቁም» ብሎ መንገር ነው። ቤቱ 14 ዲግሪ ላይ ሆኖ 20 ብትሉትም 30 ብትሉትም ወደ 20 የሚወጣበት ፍጥነት ያው ነው። ልዩነቱ 30 ካላችሁት 20 ላይ አያቆምም። ከዚያ ላብ በላብ ሆናችሁ መስኮት ትከፍታላችሁ፤ ገንዘባችሁም በመስኮቱ ይወጣል።

የዚህ መንታ «ቀኑን ሙሉ ቢበራ ከማጥፋትና ከማብራት ይረክሳል» የሚለው ነው። ጋዝ ቦይለር ባለበት ተራ ቤት ልክ አይደለም። ቤት ሙቀት የሚያፈሰው ከውጪው ይልቅ በሞቀ መጠን ነው፤ ማንም በሌለበት ሲሞቅ የዋለ ቤት ያንን ሁሉ ሰዓት ሲያፈስ ይውላል። አራስ፣ አዛውንት ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ግን ለቁጠባ ተብሎ ከ18 ዲግሪ በታች አይውረድ።

በእውነት የሚቆጥበው ሌላ ነው። ኮምቢው ፊት ላይ የራዲያተር ምልክት ያለበት መቆጣጠሪያ አለ። ብዙ ቤት 75 ወይም 80 ላይ ነው የማገኘው። ወደ 60 አውርዱት። ቤቱ ዝግ ብሎ ይሞቃል፤ ግን ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን በጭስ ማውጫው ሊወጣ የነበረው ሙቀት ተመልሶ ይያዛል። የሙቅ ውሃ ታንክ ያለው ቤት ግን ይህን አይሞክር፤ ታንኩ 60 ዲግሪ ካልደረሰ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል።

«ራዲያተር ከቀዘቀዘ አየር ገብቶበት ነው»

እጃችሁን አስቀምጡበትና የት እንደቀዘቀዘ ለዩ። ወሳኙ ይኸው ነው።

ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አዎ፣ አየር ነው። ማሞቂያውን አጥፉና ይብረድ። ከላይ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቁልፏ ወደ ግራ በጣም ትንሽ አዙሩ፤ ከሥሯ ጨርቅ ያዙ። ፊሽ ብሎ አየሩ ይወጣል። ውሃ ጠብ ማለት ሲጀምር ዝጉ። ከዚያ ጌጁን እዩ፤ አየር ሲወጣ ግፊቱም ይወርዳል።

ከላይ ሞቆ ከታች መሐሉ ላይ ከቀዘቀዘ ግን አየር አይደለም። ጥቁር ዝገት እንደ አተላ ተቀምጦበታል። ብታስተነፍሱት ለውጥ የለውም፤ መታጠብ አለበት። ሌሎቹ ሁሉ ሞቀው አንዱ ብቻ እንዳለ ከቀዘቀዘ ደግሞ ከጎኑ ያለውን ቁጥር የተጻፈበትን መቆጣጠሪያ ጠርጥሩ። በጋውን ሙሉ ሳይነካ ከርሞ ሥሩ ያለችው ትንሽ ዘንግ ትጣበቃለች። ራሱን ፈትታችሁ ዘንጓን ቀስ አድርጋችሁ ተጫኗት፤ ተመልሳ ብቅ ካለች ተላቃለች። በፒንሳ አትጎትቷት። ውሃው ሳሎኑን ይሞላዋል።

«በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጋዝ ያፈስሳል»

አብዛኛውን ጊዜ እንፋሎት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የሚገጠሙት ቦይለሮች፣ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር፣ የጭሳቸውን ሙቀት መልሰው የሚይዙ ናቸው። ስለዚህ የሚወጣው አየር ቀዝቀዝና እርጥብ ያለ ነው፤ በብርድ ቀን እንደ እስትንፋሳችን ይነጣል።

ከዚያው እርጥበት የሚጠራቀመው ውሃ በቀጭን ፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣል። ቧንቧው በውጪ ግድግዳ ላይ ካለፈ ውርጭ ሲበረታ ይደፈናል። ቦይለሩ ጉርጉር ብሎ ይቆማል። በመጋቢት 2018 መጀመሪያ ያ ብርቱ ብርድና በረዶ በመጣ ጊዜ ስንቱ ቤት በዚህ ብቻ ቀዘቀዘ። መፍትሔው ለብ ያለ ውሃ ቧንቧው ላይ ማፍሰስና ሪሴት ማድረግ ነው። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ቧንቧው ከፍታ ላይ ከሆነ መሰላል አትውጡ።

«አደጋ ካለ ይሸተኛል»

እባካችሁ ይህን ሌላው ቢቀር አንብቡት።

የጋዝ ሽታ ይሸታል፤ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም፣ አይታይም፣ አይኮሰኩስም። በደንብ ያልነደደ ቦይለር ያወጣዋል። ከሰልም ያወጣዋል፤ ያውም ብዙ። አገር ቤት ቡና የምናፈላው በሩ ክፍት፣ ነፋስ በየቀዳዳው በሚገባበት ቤት ነው። የለንደን ፍላት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ማሞቂያው ሲበላሽ ከሰል አያይዞ ሳሎን የሚያስገባ ቤተሰብ አይቻለሁ። የከሰሉ ጭስ አልቆ ፍም ሲሆን «አሁን ንጹሕ ነው» ይባላል። አይደለም። ቀይ ፍሙም መርዙን ያወጣል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ምልክቶቹ ናቸው። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንዴ ካመመውና ውጪ ሲወጣ ከተሻለው ምንም አትጠራጠሩ። መስኮትና በር ክፈቱ፣ የሚነደውን አጥፉ፣ ውጡ። ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩም፣ አታጥፉም። የጋዝ አደጋ ስልኩ 0800 111 999 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የታመመ ሰው ካለ 999። አላርም ግዙ፤ የጭስ አላርም ይህን መርዝ አያውቅም፣ የራሱ አላርም ነው ያለው።

«የሰፈር ልጅ ይሠራልኛል፣ እሱም ቧንቧ ሠራተኛ ነው»

ውሃ መሙላት፣ ራዲያተር ማስተንፈስ፣ ባትሪ መቀየር የማንም ሥራ ነው። ጋዝ የሚነካውን የቦይለሩን ክፍል መክፈት ግን በሕግ የተፈቀደው ጋዝ ሴፍ ለሚባለው መዝገብ አባላት ብቻ ነው። ይህ መዝገብ በ2009 ኮርጊ የሚባለውን ተክቶ መጣ፤ ዛሬም «ኮርጊ ነኝ» የሚላችሁ ካለ ጠይቁት። ፎቶ ያለበት መታወቂያ አላቸው። ገልብጡት፤ የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ከጀርባው ተጽፏል። መታወቂያ አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፤ እኔ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

«ተከራይ ስለሆንኩ ራሴ ላሠራው ይገባል»

አይገባም። በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 መሠረት ማሞቂያውንና ሙቅ ውሃውን መጠገን በአብዛኛው ኪራይ የአከራዩ ግዴታ ነው። ጋዙንም በየዓመቱ በተመዘገበ ሠራተኛ ማስፈተሽና ወረቀቱን በ28 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ወዲህ ቦይለር ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ማድረግም የእሱ ነው። በስልክ ብቻ አትንገሩት። ቀን ያለበት መልእክትና የጌጁን ፎቶ ላኩ። ዝም ካለ ካውንስሉ ጋር ሂዱ።

ቤታችሁ ውስጥ ጭራሽ ቦይለር የሌላችሁም አላችሁ። ሙቀቱ ከአንድ ማዕከል ለብሎኩ ሁሉ ይመጣል። ፒምሊኮ ከ1950 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሞቀው፤ ድሮ ከወንዙ ማዶ ካለው ከባተርሲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተረፈው ሙቀት በቴምዝ ሥር እየተሻገረ ይመጣላቸው ነበር። እዚያ የምትኖሩ መጀመሪያ ጎረቤት አንኳኩ። እነሱም ከበረዳቸው ችግሩ ከእናንተ ቤት አይደለም።

«ውሃ ሞላሁት፣ ተሠራ»

እኚያ እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። ጌጁ ወርዷል። ልጃቸው በየሦስት ቀኑ እየሞላላቸው ነበር።

መሙላት ጥገና አይደለም። ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ደግሞ አዲስ አየር ይገባና ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። ጌጁ ሲሞቅ ወደ 3 ተስፈንጥሮ ሲቀዘቅዝ ዜሮ የሚሆን ከሆነ ቦይለሩ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ሞቷል። የእሳቸው ግን እንደዚያ አልነበረም። ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው። በየራዲያተሩ ሥር በደረቅ ሶፍት እየዳበስኩ ሄድኩ። ሳሎን ሶፋውን ስንገፋው ምንጣፉ ርሷል፣ የመዳቡ መጋጠሚያ አረንጓዴ ሆኗል።

ፈትቼ ማሸጊያውን ቀየርኩና አጠበቅኩት። አዲስ ሶፍት ጠቀለልኩበት። «ሳትጠጣ አትሄድም» ብለው ጀበናውን በኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ ጣዱ። ሦስተኛው ጠጥተን ስንጨርስ ሶፍቱን ፈታሁት። ደረቅ ነበር።