ስለ ጉልበትና ተረከዝ ሕመም ሕክምና፦ ደሴ ላይ የምንሰማውና እውነታው

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን ይፈራል። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን በአንድ እጇ፣ አጥሩን በሌላው ይዛ፣ በጎኗ ነበር የምትወርደው። የጎረቤቱ ሁሉ ምክር አንድ ነበር።

«ፈሳሹ አልቋል፤ ከእንግዲህ እግርሽን አሳርፊው።»
ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። በዕድሜ የሚመጣው የጉልበት ሕመም የፈሳሽ ማለቅ አይደለም፤ እንዲያውም ጉልበት ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ በዝቶ ነው። የሚሳሳው የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ነው። እግር ባረፈ ቁጥር ደግሞ የጭን ጡንቻ ይዝላል፣ ሸክሙ ተመልሶ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። እናቴን የረዳት እጇን ሳትደገፍ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፤ መጀመሪያ 5 ጊዜ፣ ከሳምንታት በኋላ 15። ስታቋርጥ ሕመሙ ስለሚመለስ እስከ ዛሬ አላቆመችም። ውፍረት ያለው ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀልለታል።

«መርፌ ከተወጋሁ እድናለሁ።»
የስቴሮይድ (እብጠትንና ሕመምን የሚያስታግስ መድኃኒት) መርፌ ለሳምንታት ፋታ ይሰጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት 140 ሕሙማን ለ2 ዓመት በየ3 ወሩ ተወጉ፤ ስቴሮይድ የተሰጣቸው የጨው ውሃ ከተወጉት በላይ ካርቲሌጅ አጡ፣ በሕመሙ ግን አልተሻሉም። በፋታው እንቅስቃሴ ለሚጀምር ሰው አንዱ መርፌ ይጠቅማል፤ መደጋገሙን ግን አልመክርም።

«በመሣሪያ ገብተው ቢያጸዱልኝ…»
በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሂዩስተን ላይ በተደረገ ጥናት 180 የጉልበት ሕሙማን ተከፋፍለው፣ ከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ተሰፋ። በ2 ዓመት ውስጥ ጉልበታቸው በመሣሪያ ከታጠበላቸውና ከተጸዳላቸው ጋር ልዩነት አልታየም።

«ሰው ሠራሽ ጉልበት ቶሎ ያልቃል።»
ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ።

«ራጁ ተረከዜ ላይ የበቀለ አጥንት አሳይቷል፤ ካልተቆረጠ አይድንም።»
እንዲህ ያለ አጥንት ኖሮባቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ናቸው። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋን እርምጃ የሚያስጮኸው አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ እግር ሥር ያለው ወፍራም ጅማት ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ገደማ ይሻለዋል። የሚረዳው እንቅስቃሴ ይህ ነው፦ ፎጣ ጠቅልሎ ከጣቶች ሥር ማድረግ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ማንሳትና ማውረድ፣ ቀን እየዘለሉ። ዴንማርክ ውስጥ ይህን የሠሩት በ3ኛው ወር ጅማት ብቻ ከሳቡት ተሽለው ታይተዋል፤ በዓመቱ ግን ሁለቱም እኩል ሆኑ።

«ወጌሻ ቢያሸው ይለቀዋል።»
ጉልበት በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ መታሸት የለበትም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ይደረስ።