«በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ»፦ ትርጉሙና መነሻው

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ሳይቋጭ ነው የሚቀረው። «ሳታይ» ይልና ያበቃል፤ «ገባህ» የሚለውን ማሰሪያ አንቀጽ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። «ሆይ» የምትለዋ የጥሪ ቃልም ከቁጣ ይልቅ ሐዘኔታ አለባት። የሚነገረው ጥቅሙን አይቶ ጉዳቱን ላላመዛዘነ ሰው ነው፦ ብድሩን አይቶ ወለዱን ላላሰላ፣ የመሬቱን ርካሽነት አይቶ ካርታውን ላልጠየቀ።

ለምን በሬ ሆነ? ፍየል አፋፍ ላይ ተንጠላጥላ መብላት ትችላለች፤ በሬ ግን ከባድ ነው። ለምለሙ ሳር ደግሞ አፋፉ ላይ ይተርፋል፣ ሌላ ከብት አይደፍረውምና። አዳማ ዙሪያ ይህ በዓይን ይታያል። ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣውን ቀላል አፈር ጎርፍ ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ የቦረቦሩ ጠርዝ ከላይ ሳር ለብሶ ከታች ባዶ ይሆናል። ዝናብ ሲጠጣ አፈሩ ይከብዳል፣ መያያዣውም ይላላል፤ የበሬ እግር ሲያርፍበት ይደረመሳል። ስለዚህ አባባሉ ከሁሉ በላይ እውነት የሚሆነው ዝናብ ጥሎ መስኩ አረንጓዴ በለበሰበት ሰሞን ነው። ወቀሳው ለበሬው ቢነገርም የሚገባው ለእረኛው ነው።

በዚያ ሰሞን በዓይን የማይታይ ገደልም አለ። በጋውን በጤፍ ጭድ የከረመ ከብት ጨጓራው ውስጥ ያሉት መኖ አብላዪ ረቂቅ ተሕዋስያን ከለጋ ሳር ጋር ለመላመድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋሉ። ተርቦ ከተለቀቀ ያስቀምጠዋል። አልፋልፋ የተባለውን የመኖ ተክል ካገኘ ደግሞ ሆዱ ይነፋል፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ ጭድ ይብላ፣ ጤዛው ይድረቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ብቻ ይጋጥ። ከተነፋ ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጉንጩ በኩል በዝግታ ይጠጣ። አንገቱን ወደ ላይ መቆልመም ዘይቱን ሳንባ ውስጥ ያስገባዋል፣ ያ ራሱ ይገድላል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከወደቀ የእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጠራ።

ሳሩም ራሱ ይጎዳል። የመጀመሪያው ቡቃያ የሚያድገው ሥሩ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተጋጠ ሥሩ ይደክማል፣ በቦታው አረም ይገባል።

ከሁሉ የከፋው አባሰንጋ የተባለው በሽታ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ጎርፍ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ አጭር ሳር ከአፈር ጋር የሚግጥ ከብት ይውጠዋል። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚወጣ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ ሥጋውም አይበላም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ ወደ 2 ሳምንት ስለሚፈጅ መሰጠት ያለበት ሰኔ ከመግባቱ አስቀድሞ ነው።