የጎልፍ ግሪን ጉብታዎች፦ የሚባለውና እውነታው

በጎልፍ ሜዳ ጉድጓዱ የሚገኝበት፣ ሣሩ በጣም አጥሮ የሚቆረጥ መደብ ግሪን ይባላል። የጥንቶቹ ግሪኖች ለምን አባጣ ጎርባጣ እንደሆኑ ብዙ ይወራል፤ ግማሹ ስህተት ነው።

«ግሪን ከመጀመሪያው ለብቻው የተከለለ ቦታ ነበር።» አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1744 በስኮትላንድ ሊዝ የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ደንብ ቀጣዩ ጨዋታ ካለቀው ጉድጓድ በአንድ ዱላ ርዝመት ውስጥ እንዲጀመር ያዝዛል። እንዲህ እየተረገጠና እየተጫረ መሬቱ ከየት ይለሰልሳል? ሣሩን የሚያሳጥሩት በጎችና ጥንቸሎች ነበሩ፤ ሜዳዎቹ ባሕር ዳርቻ ላይ ስለነበሩ ወጣ ገባው የአሸዋው ሥራ ነው።

«እንግዲያው ሁሉንም የሠራው ተፈጥሮ ነው።» ይህ ደግሞ ማጋነን ነው። ከ1864 ጀምሮ በስኮትላንድ የሚገኘውን የሴንት አንድሩስን ሜዳ የተንከባከበው ኦልድ ቶም ሞሪስ ግሪኖቹን አሸዋ እያለበሰ ያለማ ነበር፤ 18ኛውን ግሪን የሠራውም እርሱ ነው። የሜዳ ነዳፊው ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ በበኩሉ በስኮትላንዱ ኖርዝ በርዊክ ሜዳ «ሬዳን» የተባለውን የጨዋታ ክፍል አጥንቶ አሜሪካ ውስጥ ሎንግ አይላንድ ላይ አስመስሎ ቀረጸው። የሬዳን ግሪን ከፊት ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ኳሱን ፊት ለፊት ጥሎ ቁልቁለቱ እንዲወስድለት ይተወዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ በአሜሪካ የሚገኘው የፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ጉዳይ ነው። «ነዳፊው ዶናልድ ሮስ የኤሊ ጀርባ የመሰሉትን ግሪኖች በ1907 ሠራቸው» ይባላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ግን ጠፍጣፋ የአሸዋ መደቦች ናቸው! ሣር የለበሱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ የሚጨመረው አሸዋ እብጠቱን እንዳባባሰው ብዙ ባለሙያዎች ያምናሉ።

«የድሮ ነዳፊዎች ጨካኞች ነበሩ።» ሣሩ በዚያን ጊዜ ረዘም ያለ፣ ኳሱም ዘገምተኛ እንደነበር የረሳ ሰው ንግግር ነው። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን በ1935 የግሪንን ፍጥነት የሚለካ አሸንዳ መሰል ዘንግ ፈለሰፈ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሜዳዎች በዚህ መለኪያ የተለቀቀ ኳስ በአማካይ 6 ጫማ ተኩል ያህል ይሄድ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ታላላቅ ውድድሮች 12 ጫማ ያልፋል። ትናንት ኳሱን አቅፎ የሚያቆም ተዳፋት ዛሬ ከግሪኑ ውጭ ይተፋዋል። ብዙ ክለቦችም ሣሩ ረዘም እንዲል መቁረጫቸውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ የድሮውን ጉብታ መደልደልን መርጠዋል።

«ተዳፋቱ ለውበት ነው» የሚሉም አሉ። ከሥሩ የፍሳሽ ቱቦ ባልተቀበረበት ዘመን የዝናቡን ውኃ ከግሪኑ ላይ የሚያወርደው ያው ተዳፋት ነበር።