የቫዮሊን ደጋንና «አባሪ 2»፦ ተከልክሏል ማለት ነው?

«የደጋን እንጨቱ ፐርናምቡኮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ገብቷል፣ ደጋንህን ይዘህ ድንበር ብታቋርጥ ይወሰድብሃል» ይባላል። ተረጋጉ።

ፐርናምቡኮ በብራዚል የአትላንቲክ ደን የሚበቅል ዛፍ ነው። ቀላ ያለው እንጨቱ ጠንካራ ቢሆንም ይለመጣል፣ በሙቀት ሲያጎብጡት ደግሞ ቅርጹን ይዞ ስለሚቀር ደጋን ሠሪዎች ሌላ እንጨት አይጥማቸውም። ደኑ ግን ተመናምኗል።

ሳይተስ የእንዲህ ዓይነት ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት ነው። አባሪ 1 ከዱር የተወሰደውን ለንግድ ይዘጋል። አባሪ 2 ግን «በፈቃድ ነግዱ» ነው የሚለው፣ በቃ። ፐርናምቡኮ እዚህ የገባው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ያኔ የሚመለከተው ግንዱን፣ ጣውላውንና ያላለቀውን የደጋን እንጨት ነበር። በ2022 ብራዚል «ወደ አባሪ 1 ይዛወር» አለች። አልተዛወረም፤ ፈቃዱ የትኞቹን ዕቃዎች እንደሚመለከት የሚዘረዝረው ማስታወሻ ግን ጠበቅ አለ፦ ያለቀለት ደጋንም ከብራዚል መጀመሪያ ሲወጣ ፈቃድ እንዲጠየቅበት፣ ከዚያ በኋላ ከአገር አገር ሲዞር ግን ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። ይሄ ሁለተኛው «ዳግም ኤክስፖርት» ይባላል፣ ሰውም የሚምታታው እሱ ላይ ነው። ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ደጋን እንኳ እንጨቱ ከብራዚል ስለመጣ ከፈረንሳይ ሲወጣ ዳግም ኤክስፖርት ነው።

የሳይተስ አባል አገሮች ጉባኤ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ማስታወሻዎቹን ስለሚነካካ፣ አንዳንድ አገርም የራሱን ጠበቅ ያለ ሕግ ስለሚጨምር፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አሁን የሚሠራበትን አጣሩ።