ጎመኑን ሌሊት ማን ያሳድገዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ለዘመነ ጽጌ አደረሳችሁ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንንና የተወደደ ልጇን ስደት በአበባ እየመሰለች ታስባለች። ሜዳው አብቧል፣ የጓሮው ጎመንም ለምልሟል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጓሮ እናውራ። ጓሮ ስል የግድ ሰፊ ግቢ ማለቴ አይደለም። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የበቀለች በሶብላም ትቆጠራለች።

ጓሮ ያለው ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ይቆፍራል፣ ፍግ ያለብሳል፣ ያጠጣል፣ ያርማል። ከዚያስ? እጁን ታጥቦ ይተኛል። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ስለዚህ ሰው ነግሮናል። ዘሩን ይዘራል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ይነሣል። ዘሩም ይበቅላል፣ ያድጋል፤ እንዴት እንደሆነ ግን ሰውየው አያውቅም። እኔን የሚገርመኝ፣ ጌታ ሰውየውን ስለ መተኛቱ አልወቀሰውም። ድርሻውን ጨርሷልና ይተኛ! የማይተኛና የማያንቀላፋ ጠባቂ አለ። ጠዋት በር ከፍተን ቅጠሉ ከትናንቱ ሰፍቶ ስናይ ደስ የሚለን ለዚህ ይመስለኛል። ያልሠራነው ሥራ ተሠርቶ እናገኘዋለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሌላም የጓሮ ታሪክ አለ፤ ይኼኛው ግን ያሳዝናል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 ንጉሥ አክዓብ በኢይዝራኤል ካለው ቤቱ አጠገብ የናቡቴን የወይን ቦታ አየ። ለምን ፈለገው? አትክልት ሊተክልበት! ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ሲለው፣ ንጉሡ አልጋው ላይ ተኝቶ ፊቱን አዞረ፣ እህል አልበላም አለ። አስቡት፣ አገር የሚገዛ ሰው ለአትክልት ቦታ ሲያኮርፍ። ሚስቱ ኤልዛቤል የሐሰት ምስክር አስቁማ ናቡቴን በድንጋይ አስወገረችው። አክዓብ ያለውን ቆጥሮ አንዴ ተመስገን ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ። እኛም የጎረቤት አቮካዶ ሲያፈራ የሚቆጠቁጠንን ነገር ብንመረምረው አይከፋም።

ታዲያ ምስጋናው እንዴት ይሁን? በቅዳሴ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» እንላለን፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ይቀጥላል ጸሎቱ። ውኃ እያጠጣችሁ በልባችሁ ድገሙት፤ ማንም አይከለክላችሁም።

አፍ ብቻውን ግን አያመሰግንም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ፈሪሳውያን ከጤና አዳም ሳይቀር አሥራት ያወጡ እንደነበር ተጽፏል። አዎ፣ ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም! ጌታ አሥራቱን አልነቀፈም። ቅጠሏን እየቆጠሩ ፍርድንና እግዚአብሔርን መውደድን መተላለፋቸውን ነው የገሠጸው። ኦሪት ዘዳግምም ምዕራፍ 24 ላይ የወይንህን ቃርሚያ ለመጻተኛ፣ ለድሀ አደግና ለመበለት ተውላቸው ይላል። በእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ነው። ጎመን ስትቀነጥሱ ለጎረቤት እማማ አንድ እጅ፣ ለጥበቃው ሁለት ሦስት ቃሪያ። የገበያውን ዋጋ እያያችሁት ነው፤ ትንሽ ስጦታ እንዳይመስላችሁ።

በረዶ የመታውስ? ተባይ የጨረሰውስ? ሁሌም አይለመልምም፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል። ነቢዩ ዕንባቆም በምዕራፍ 3 በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ብሏል። የዕንባቆምን ጸሎት በዚህ ሳምንት አንብቡት፤ የተጎዳ መደብ ያላችሁ ደግሞ እዚያው መደቡ አጠገብ ቆማችሁ አንብቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።