በጅማ ጥቃትንና ግጭትን አስቀድሞ የመከላከል ሥራ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በጅማ ከተማና ዞን ጥቃትንና ግጭትን አስቀድሞ መከላከል የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም። ፖሊስ አለበት፣ ቀበሌ አለበት፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አለበት። ጤና ጣቢያ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የባህል ፍርድ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እድርና ዩኒቨርሲቲም አሉበት። ችግሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ባል ሚስቱን ይመታል። ጎረቤታሞች በድንበር ይጣላሉ። በቡና ለቀማ ሰሞን ሌባና ዘበኛ በሌሊት ይገናኛሉ። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ወሬ የወረዳውን ሕዝብ በሙሉ ያስነሳል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተማው 120,960፣ ዞኑ ደግሞ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ብዙ አድገዋል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌውና ስልጤው አንድ ሰፈር ይኖራል። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከጥንት ጀምሮ የሩቅ ነጋዴ የሚያርፍበት ነው። ብዙ ዓይነት ሰው አብሮ የሚነግድበት ቦታ ጠቡን የሚያበርድበት መላ ያስፈልገዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ሲገዙ አገሩ በአባ ቆሮዎች ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። ከእነሱ ሥር አባ ጋንዳዎች ነበሩ። ትንሹ ነገር እዚያው ታች ታይቶ ያልቅ ነበር፤ ከባዱ ወደ ንጉሡ መቀመጫ ወደ ጅሬን ይወጣ ነበር። ዛሬ ቀበሌና ወረዳ የምንለው አሠራር እዚህ አገር ባዶ ሜዳ ላይ አልተተከለም።

የዞኑን የመከላከል ሥራ የቀየሩት ሁለት ክፉ ጊዜያት ናቸው። የመጀመሪያው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ከመስቀል ደመራ ጋር ተያይዞ በአጋሮ አካባቢ፣ በበሻሻና በአጎራባች ቀበሌዎች የተነሳው ነው። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ሁለተኛው በየካቲት 2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ የጀመረው ነው። መነሻው «ቁርኣን ተዋረደ» የሚል ወሬ ነበር። በርካታ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በሁለቱም ጊዜ ከፊት የወጣው ለዓመታት አብሮ ሰርግና ለቅሶ ሲደርስ የኖረ ጎረቤት ነበር። ይህን ማስታወስ ያማል። ግን ሳያስታውሱ መከላከል አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎችና የመንግሥት ሰዎች አብረው የሚቀመጡባቸው የሰላም መድረኮች ተስፋፉ። በአገር ደረጃ ደግሞ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ በእነዚያው ዓመታት ተመሠረተ። የበሻሻ ተወላጁ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ በጅማ ዞን የሃይማኖት ግጭትና በባህላዊ እርቅ ላይ ነው። የሰላም ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሚኒስትር የሆኑት ሙፈሪያት ካሚልም የጅማ ልጅ ናቸው። ሚኒስቴሩ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያን፣ የእምነት ተቋማትን ግንኙነትና የወጣቶችን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲመራ ኃላፊነት ተሰጠው።

እነዚህ መድረኮች ሲሠሩ የሚታየው በዓል ሲቃረብ ነው። ደመራው የት ይቆም? ታቦቱ በየት በኩል ይለፍ? የሶላት ሰዓት ከዝማሬው ጋር ቢገጥም ማን ለማን ይጠብቅ? ድምፅ ማጉያው ወደየት ይዙር? ነገሩ ተራ ይመስላል። ግን ትልቁ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። አስቀድመው የተነጋገሩ ሰዎች ስልክ ይደዋወላሉ። ያልተነጋገሩ ግን ወሬ ይሰማሉ። በጥምቀት ሙስሊም ወጣቶች መንገድ ሲጠርጉ፣ በዒድ ደግሞ ክርስቲያኖች ሲያስተናግዱ ማየት ያስደስታል፤ ይሁንና ዋናው ሥራ ካሜራ የሌለበት፣ ከበዓሉ ሳምንታት በፊት የሚደረገው ስብሰባ ነው።

የብዙዎቹ ኮሚቴዎች ድክመት ቋሚ አለመሆናቸው ነው። ነገር ሲነሳ ይሰበሰባሉ፤ ሲበርድ ይበተናሉ። ሰብሳቢው ይቀየራል። ቃለ ጉባኤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የትራንስፖርት ገንዘብ ስለሌለ የገጠር ቀበሌው ሽማግሌ ይቀራል። በእኔ እምነት ጅማ የጎደላት ሽማግሌም ሆነ በጎ ሐሳብ አይደለም። የጎደላት ባለቤት፣ በጀትና ቋሚ የስብሰባ ቀን ያለው አሠራር ነው።

የማኅበረሰብ ፖሊስ አገልግሎት ይህን ቋሚነት ለመስጠት ታስቦ የመጣ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ በአገሪቱ ተስፋፋ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቀበሌው የራሱ ፖሊስ ይኑረው፣ ያም ፖሊስ ሰፈሩን ይወቅ። ጥሩ የማኅበረሰብ ፖሊስ ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ወንጀል ብቻ አይደለም። የእገሌና የእገሌ የፍሳሽ ቦይ አልተስማማም። ከማረሚያ ቤት የወጣው ልጅ ሥራ አላገኘም። በዚያ ጠጅ ቤት ቅዳሜ ማታ ሁለት ጊዜ ተደባድበዋል። ይህ ማስታወሻ በየሳምንቱ ከእድር ዳኛውና ከቀበሌው ጋር ከታየ ብዙ ደም ሳይፈስ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ከታች ያለው አደረጃጀት ሌላ ታሪክም አለው። በኦሮሚያ ጎጥና ጋሬ የተባሉት ቤት ለቤት የሚደርሱ አደረጃጀቶች ለልማትና ለጸጥታ ተብለው ተዘርግተው ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ ሰውን ለመሰለልና ለማስፈራራት እንደዋሉ ጽፏል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሹም መጥቶ «በሰፈራችሁ ያለውን ነገር ንገሩን» ቢል ሰው ዝም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የመከላከል ሥራ የሚቆመው በእምነት ላይ ነው። ነዋሪው የተናገረው ነገር ማን ጋ እንደሚደርስና ለምን እንደሚውል ማወቅ አለበት። ሹሙ ቅር ያሰኘውን ሰው ማጥመጃ ሊሆን አይገባም።

ሽምግልናውስ? በኦሮሞ ባህል ጃርሳ ቢያ የአገር ሽማግሌ ነው። ነፍስ ሲጠፋ ጉማ አለ። የገዳይ ወገን ራሱን ይሰውራል፤ ሽማግሌዎች ወደ ሟች ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ። እርቁ ሲወርድ ካሣውን ጎሳው አዋጥቶ ይከፍላል። መደበኛው ፍርድ ቤት ገዳዩን መቅጣቱን አይተውም፤ ጉማ ደግሞ ፍርድ ቤት የማይደርስበትን ያደርጋል፤ የሁለተኛውን ሰው ሞት ያስቀራል። በቀል የሚቆመው በእስር ሳይሆን በእርቅ ነው። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ ይህ አሠራር በቀበሌ ደረጃ መቀመጫ አግኝቷል። የድንበር፣ የብድርና የስድብ ጉዳይ እዚያው ይታያል። መደበኛ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲንከራተት የነበረ ገበሬ ይህን ጥቅም በደንብ ያውቀዋል።

ሽምግልናው የሚያነክሰው ግን በር ዘግቶ በሚፈጸመው ጥቃት ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የሥነ ልቦና ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጠው የጥናቱ ሌላው ቁጥር ነው። ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። እናት ለልጇ «ቻይው» ብላ እየመከረች ያሳደገችበት ቤት ይህን ቁጥር ይወልዳል።

የተመታች ሴት ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች። ሽማግሌ ይላካል። ባል አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» ይላል። ነጠላ ወይም ቀሚስ ይገዛላታል። «ለልጆችሽ ስትይ» ትባላለች፤ ትመለሳለች። በመዝገብ የተጻፈ ነገር የለም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ጠለፋ፣ የሴት ልጅ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻም እያንዳንዳቸው አንቀጽ አላቸው። አንቀጹን ወደ ሰፈር የሚያወርደው ግን ሰው ነው፤ ወረዳ ያለች የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ጠበቃ ማቆም ለማይችሉ ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የጥቃት ተጎጂ ሕክምና፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ጣሪያ ሥር የምታገኝበት ማዕከል መጀመሪያ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፍቶ ወደ ክልሎች ተስፋፍቷል። ተጎጂዋ ታሪኳን ለአምስት ሰው ከመደጋገም ትድናለች።

መከላከል ላይ ደግሞ ከጅማ ብዙም በማይርቀው የጉራጌ ዞን የተሞከረ ነገር አለ። የመንግሥት ፕሮግራም አልነበረም፤ መንግሥት ግን ሊማርበት ይገባል። በ64 መንደሮች ውስጥ በባልና ሚስት መካከል የሚፈጸም ጥቃትን ለመቀነስ ውይይት ተካሄደ። መድረኩ የቡና ሥነ ሥርዓት ነበር። ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ እስከ በረካ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች፣ በአንዳንዱ ወንዶች፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው ተቀመጡ። ጎላ ያለ ለውጥ የታየው ወንዶች በተሰበሰቡበት ነው፤ የወሲብ ጥቃት ቀነሰ። ይህ ለጅማ ብዙ ይላል። ስለ ሴት ጥቃት ስብሰባ ሲጠራ አዳራሹን የሚሞሉት ሴቶች ናቸው። መምታቱን ማቆም ያለበት ሰው ግን ውጭ ነው። የቡና አገር ሆነን ይህን መድረክ በየቀበሌው አለመጠቀማችን ያስቆጫል።

ቡና ራሱም ወቅታዊ ጠብ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በጎማ፣ በማናና በሊሙ ለቀማ ይደራል። ከሌላ አካባቢ የቀን ሠራተኛ ይገባል። ጥሬ ገንዘብ ከሰብሳቢ ወደ ገበሬ፣ ከገበሬ ወደ ለቃሚ ይዞራል። እሸቱ ገና ከዛፍ ሳይወርድ የሚሰርቅ አለ፤ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሚዘግንም አለ። ዘበኛው በሌሊት ባትሪና ዱላ፣ አንዳንዴም ጠመንጃ ይዞ ያድራል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ቢወጣም በቡና ማሳ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ ተመዝግቧል ማለት አይቻልም። ቀላሉ መፍትሔ በሰዓት የተገደበ ግብይት፣ የታወቀ የመሸጫ ቦታና በተራ የሚደረግ የሰፈር ጥበቃ ነው። እነዚህ ከመስከረም ጀምሮ ካልታቀዱ ኅዳር ላይ አይደርሱም።

በሥራ ዕድልም በኩል የተሞከረ አለ። ከ2008 እና 2009 ዓ.ም. ተቃውሞ በኋላ የፌዴራል መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ መድቧል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ሥራ ያለው ወጣት ሁሉ ሰላማዊ ነው፣ ሥራ የሌለው ሁሉ ጠበኛ ነው ማለት ስድብ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ያጣ ልጅ ለወሬም ለጫትም ለጠብም ቅርብ መሆኑን ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

በአብዛኛው ያልተነካው ምንጭ የሆስፒታል መዝገብ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጨረሻው ሪፈራል ነው። በስለት የተወጋ፣ በዱላ የተፈነከተ፣ «ወድቄ ነው» የምትል ሴት፣ ሁሉም እዚያ ይደርሳል። ከእነሱ ብዙዎቹ ፖሊስ ጋ አይሄዱም። የዌልስ ከተማ ካርዲፍ ይህን ክፍተት ተጠቅማለች። ድንገተኛ ክፍል የሚገባውን ተጎጂ የት፣ መቼና በምን እንደተጎዳ ትጠይቃለች፤ ስምን አስወጥታ ቁጥሩን ለፖሊስና ለከተማ አስተዳደሩ ትሰጣለች። በዚያ መሠረት መጠጥ ቤቶችና መንገዶች ላይ እርምጃ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በጥቃት ምክንያት ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በ42 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በካርዱ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር፣ በወር አንድ ጊዜ ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና የከተማውን ተወካይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የተጎጂው ስም ከሆስፒታሉ እንዳይወጣ ግን ከመጀመሪያው ቀን መጠበቅ አለበት።